በሮማ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፤ ታሪኳና አሠራሯ

በቫቲካን ከተማ፣ ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ፣ አንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ስሟ በኢጣልያንኛ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ»፣ ማለት የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል። ከጎረቤቷ ጋራ ስትተያይ ስፋቷም ጌጧም ጥቂት ነው። እኛ ግን የአንድ ሕንፃ ክብር በውስጡ በተሠራውም ሥራ መመዘን አለበት ብለን ስለምናምን፣ ታሪኳንና አሠራሯን አያይዘን እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በ5ኛው መቶ ዓመት በፓፓ ሊዮን 1ኛ እንደ ተመሠረተች በትውፊት ይነገራል። ፕላኗ ባዚሊካ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ወደ መሠዊያው የሚዘልቅ ረዥም አዳራሽ ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ በግራና በቀኝ በዓምዶች የተለዩ ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ኋላ የጎን ክፍሎቹ ስለ ቀሩ ዓምዶቹ ዛሬ ከግድግዳው ጋራ ተያይዘው ይታያሉ። የመስቀልና የበግ ምስል የተቀረጸበት በር የ12ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው፤ የፊቱ ግድግዳ ግን በ1706 በፓፓ ቀሌምንጦስ 11ኛ ዘመን ታድሷል። እንዲህ ያለው ረዥም ፕላን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንና የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም በዚሁ ዓይነት የተሠሩ ናቸውና።

ፓፓ ሲክስቱስ 4ኛ (1471–1484) ቤተ ክርስቲያኒቱን ካሳደሰ በኋላ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ሮማ ለሚሻገሩት መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነች። አዲሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ በ1506 ሲጀመር አሮጌው ባዚሊካ ቀስ በቀስ ፈረሰ፤ በዙሪያውም የነበሩ ብዙ ጥንታውያን ሕንፃዎች ጠፉ። ይህች ግን ተረፈች።

የፊደላችንም የኅትመት ታሪክ በዚያው ከተማ ይጀምራል። በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ረዳትነት መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳውኛ» ብሎ መጥራቱ፣ አውሮፓ ስለ እኛ የነበራት ዕውቀት የቱን ያህል ጥቂት እንደ ነበረ ያሳያል። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ ኢዮብ ሉዶልፍ ወደ ሮማ መጥቶ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኘ። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ያወጣው ከእሳቸው በተማረው መሠረት ነው።

ሉዶልፍ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይባላል፤ የሚገባውም ስም ነው። ነገር ግን ተማሪውን አመስግኖ መምህሩን መዘንጋት ሚዛን ያጐድላል። አባ ቶማስም፣ አባ ተስፋ ጽዮንም፣ አባ ጎርጎርዮስም ቃል አቀባዮች ብቻ አልነበሩም፤ በሰው አገር ሆነው የአገራቸውን ቋንቋ ያስተማሩ ሊቃውንት ነበሩ።

በ1919 የኢትዮጵያውያን ኮሌጅ በፓፓ በነዲክቶስ 15ኛ በመቋቋሙ የትምህርቱ ሥራ በአዲስ መልክ ቀጥሏል። ስለዚህ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚጽፍ ሰው በሯንና ዓምዶቿን ሲመረምር፣ በጥላዋ ያረፉትንም መምህራን አብሮ እንዲቈጥር ያስፈልጋል እንላለን።