ያልታወቁ የዘመኑ ልብ ወለዶችና የመምህሩ ድርሻ

የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ የሚጀምረው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ የታተሙትም መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በየትምህርት ቤቱ ሲጠቀሱ የሚሰሙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሳይታወቁ የኖሩት ሊነበቡ የማይገባቸው ስለሆኑ ነውን? ወይስ ወደ አንባቢው የሚያደርሳቸው መንገድ ስላጡ? ይህን ለመመርመር በአንድ ዓመት የታተሙ ሁለት ሥራዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል።

በ1962 ዓ.ም. የአቶ በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» እና የአቶ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ለንባብ ቀረቡ። የመጀመሪያው የአዲስ አበባን የተማረ ወገን ኑሮ በቀላልና ፈጣን አተራረክ የሚያሳይ በመሆኑ ብዙ ወዳጅ አፈራ። ሁለተኛው ግን በጥቂት አንባቢዎች ዘንድ ተወስኖ ቆየ። ይህም የሆነው ደራሲው ለሙያው እንግዳ ስለነበሩ አይደለም። አቶ ዳኛቸው በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድም እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ላይ የታተመላቸው ሰው ነበሩ።

«አደፍርስ» የሚያተኩረው በሰሜን ሸዋ ገጠር ሕይወት ላይ ነው። የከተማ ትምህርት የቀሰመ ወጣት ከባላገሩ፣ ከባለርስቱና ከሃይማኖት ሰዎች ጋር ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ ሥርዓት ይሟገታል። ርእሱ ራሱ «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለውን የአበው ብሂል ያስታውሳል። መጽሐፉ ታሪኩን በድርጊት ከማስሮጥ ይልቅ በንግግርና በክርክር ያራምደዋል፤ የአካባቢውን አነጋገርና ምሳሌያዊ ንግግርም በብዛት ይጠቀማል። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለሚሻ አንባቢ ይህ አቀበት ነው። ለቋንቋ መምህር ግን ሀብት ነው። ከተማ ተምሮ ወደ ገጠር የተመደበ መምህርም የራሱን የዕለት ፈተና ያገኝበታል።

የመጻሕፍት ዝና ከይዘታቸው ውጪ በሆኑ ምክንያቶችም እንደሚሰፋ ታሪክ ያስረዳል። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የተደነቀ ሥራ ነበር። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ወገን ሳይቀር ባለታሪኮቹን እንደ ጎረቤት አወቃቸው። የአቶ በዓሉ «ኦሮማይ» ደግሞ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ክልከላው ራሱ የመጽሐፉን ስም አገነነው። «አደፍርስ» ይህን የመሰለ አጋጣሚ አልገጠመውም። ስለዚህ የአንድ መጽሐፍ አለመታወቅ ብቻውን በዋጋው ላይ የተሰጠ ፍርድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ይህ ሁኔታ ባለፈው ዘመን ተወስኖ አልቀረም። አዳም ረታ በ1997 ዓ.ም. ያሳተመው «ግራጫ ቃጭሎች» ከአንባቢው ትዕግሥትን የሚጠይቅ አጻጻፍ የተከተለ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ ቢከበርም፣ ራቅ ባለ ወረዳ ወደሚማረው ወጣት እጅ የሚደርሰው አንድ ሰው አስቦ ሲያደርሰው ነው።

ያ ሰው በአመዛኙ መምህሩ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የአገሪቱን ኅትመት ሰብስቦ ይይዛል፤ ከሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ እንዲገባለትም በአዋጅ ተደንግጓል። መጽሐፍ ተሰብስቦ በመቀመጡ ብቻ ግን ተነበበ ማለት አይደለም። ለትምህርት ቤቶች መጻሕፍት የሚመርጡ ባለሙያዎች በገበያ የተፈለጉትን ብቻ ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ ዘመን ብዙ ያልተነገረላቸውንም አንብበው ቢያካትቱ የተማሪው ምርጫ ይሰፋል።

መምህሩም ከባዱን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ እንዲፈጸም ማዘዝ አይኖርበትም። ከ«አደፍርስ» አንድ ክርክር መርጦ ተማሪዎች ቃለ ምልልሱን ተከፋፍለው ጮክ ብለው እንዲያነቡ ማድረግ ይችላል። እንግዳ የሆኑባቸውን ቃላት መዝግበው ትርጉማቸውን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ቢጠይቁ፣ ንባቡ የቋንቋም የታሪክም ትምህርት ይሆናል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ተማሪ ከተከራካሪዎቹ የማን ሐሳብ እንዳሳመነው በጽሑፍ ያስረዳ።

ሦስት ወይም አራት አርእስት ብቻ እየሰማ የሚያድግ ተማሪ የቋንቋው ሥነ ጽሑፍ በእነዚያ ያበቃ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ ነገ ራሱ መምህር ሲሆን የሚያስተላልፈው እነዚያኑ አርእስት ነው። በዚህ አኳኋን አንድ ጥሩ መጽሐፍ ማንም ሳይከለክለው ከትውልድ ንባብ ውጪ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመግታት መነሻው መምህሩ ራሱ በየዓመቱ አንድ ያልሰማለትን ልብ ወለድ አንብቦ ወደ ክፍል ይዞት መግባቱ ነው።