እንጀራና ዳቦ ለቀነሰ ሰው ቅቤ ገደብ የለውምን?

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሱሉልታ፣ በስተምዕራብ ቡራዩና ገፈርሳ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ሰበታ ይገኛሉ። በእነዚህ አካባቢዎች የወተት ላም እርባታ የተለመደ በመሆኑ ወተት፣ ቅቤና አይብ ለነዋሪው እንግዳ አይደሉም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ኬቶ» የሚባለው የአመጋገብ ሥርዓት በከተሞች ስሙ ይነሳል። ከዚሁ ጋር «እንጀራና ዳቦ የተወ ሰው ቅቤና ጮማ የፈለገውን ያህል ቢበላ አይወፍርም» የሚል አባባል ይደመጣል። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ ሙሉ በሙሉ ግን ትክክል አይደለም።

የአመጋገቡ ምንነት

ካርቦሃይድሬት በብዛት የሚገኘው በእንጀራ፣ በዳቦ፣ በቂንጬ፣ በቆጮ፣ በድንችና በስኳር ውስጥ ነው። አመጋገቡ እነዚህን ቀንሶ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ቅቤ፣ አቮካዶና ጎመን የመሳሰሉትን ያበዛል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ነዋሪ ዳቦ፣ ስኳርና ድንች በመተው ክብደቱን እንዴት እንደቀነሰ በትንሽ መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት አትኪንስ ባሳተሙት መጽሐፍ አመጋገቡ በሰፊው ታውቋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ቅነሳ

አመጋገቡን የጀመሩ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደታቸው ፈጥኖ ሲቀንስ ያያሉ። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው ስኳር እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ሲጓደል ይህ ክምችት ያልቃል፤ ውኃውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በሚዛን ላይ የሚታየው የመጀመሪያ ቅነሳ አብዛኛው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም።

የቅቤው ሒሳብ

አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። በቀን አራት ማንኪያ የጨመረ ሰው ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ጨመረ ማለት ነው። በጾም ወቅት ቅቤን የሚተካው ዘይትም በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም።

«ካርቦሃይድሬት ካልተበላ ኢንሱሊን አይጨምርም፤ ኢንሱሊን ካልጨመረ ስብ አይከማችም» የሚል መከራከሪያም ይቀርባል። ይሁን እንጂ ኢንሱሊን ከጤናማ ሰው ደም ፈጽሞ አይጠፋም፤ ፕሮቲንም ያነሳሳዋል። የተበላ ስብ ደግሞ ብዙ ለውጥ ሳያሻው ሊከማች ይችላል። ከሚያስፈልገው በላይ የተበላ ኃይል፣ ምንጩ ምንም ይሁን ምን፣ መጨረሻው ክምችት ነው።

ታዲያ ብዙዎች ለምን ይቀንሳሉ?

ፕሮቲን ቶሎ ያጠግባል። ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራና ብስኩት ከገበታ ሲወጡም ሰው ሳይቆጥር የሚበላው መጠን ያንሳል። ክብደቱ የሚቀንሰው ስብ ስለማያወፍር ሳይሆን በድምሩ ያነሰ ስለተበላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት 609 ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታትሏል። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰዋል፤ ልዩነቱ ጉልህ ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 20 ሰዎችን በሁለቱም አመጋገቦች ለሁለት ሁለት ሳምንት እስኪጠግቡ እንዲበሉ አድርጓል። ቅባቱ ባነሰበት ጊዜ በቀን 690 ኪሎ ካሎሪ ያህል አሳንሰው በልተዋል። ቅባቱ በበዛበት ጊዜም ቢሆን ክብደታቸው አልጨመረም፤ የሰውነታቸው ስብ ጉልህ ቅናሽ ያሳየው ግን ቅባቱ ባነሰበት ወቅት ነበር።

በተግባር

ልዩነቱ እስኪጠግቡ በመብላትና ከጠገቡ በኋላ በመጨመር መካከል ነው። በኢትዮጵያ አንዳንድ አካባቢዎች ቡናን በቅቤ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ በክትፎ ላይም ቅቤ ይፈስሳል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ወይም ሲያጭድ ለሚውል ገበሬ ይህ ጉልበት ይሆነዋል። ቢሮ ወይም ሱቅ ተቀምጦ ለሚውል የከተማ ነዋሪ ግን ያው መጠን ሊተርፍ ይችላል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ቅቤና ጮማ የሚበዛባቸው ሰዎች በደማቸው ጎጂው የኮሌስትሮል ዓይነት ሊጨምር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ ቅቤና ጮማ ካሉ ምግቦች የሚገኘው የረጋ ስብ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ከሁሉ በላይ ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን እንጀራን በድንገት ቢተዉ የደማቸው ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ለሕይወት ያሰጋል። እነዚህ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡር እናቶችና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ይገባቸዋል።