በቶን የሚለካ ቡና፣ በቶን የሚለካ ጥፋት

መቱ ላይ ቡና ሲመዘን ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ መርፌው ይወዛወዛል፣ ሲረጋ ኪሎው ይነበባል፤ የዋጋው ክርክር ግን በፈረሱላ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ቃሉን ያመጣው የዐረብ ንግድ ነው። ቶን የሚባለው 10 ኩንታል፣ በፈረሱላ ሲቆጠር 59 ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ነው።

ይህ ቡና የቆየ መንገድ አለው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ከመቱ ብዙ የማትርቀው የጎሬ ከተማ ቡና ቁልቁል ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር።

ቡናው የሚለካበት ይኸው ቶን ግን ሌላም ነገር ይለካል። «15 ኪሎቶን ቦምብ» ሲባል ብዙ ሰው የቦምቡ ክብደት ይመስለዋል። አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ሂሮሽማ ላይ የተጣለው ቦምብ ሲመዘን 44 ኩንታል ገደማ ነበር፤ አንድ አይሱዙ የሚያነሣው ጭነት። 15 ኪሎቶን የተባለው የፍንዳታው ኃይል ነው፤ 15 ሺህ ቶን ቲኤንቲ፣ ማለትም 150 ሺህ ኩንታል ፈንጂ አንድ ላይ ቢፈነዳ የሚያወጣው። እስከ ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ድረስ 140 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህን ያህል ሕዝብ የፈጀ ነገር በእህልና በቡና መስፈሪያ ስም መጠራቱ ነው። ስሙ ከገበያ የተወሰደ ስለሆነ ሲሰሙት አያስደነግጥም።

ልኩን ለመረዳት ከመቱ ብዙ ሳንርቅ ወደ ሶር ወንዝ እንሂድ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የሶር ኃይል ማመንጫ አቅሙ 5 ሜጋዋት ነው። ወንዙ ተርባይኑን ሳያቋርጥ በሙሉ አቅም ቢያዞር፣ የአንድ ቶን ቲኤንቲን ጉልበት ለማውጣት 14 ደቂቃ ይበቃዋል። ለአንድ ኪሎቶን ወደ 10 ቀን ይጠጋል። የሂሮሽማውን ለማውጣት ሌት ተቀን 145 ቀን ይፈጅበታል፤ ከመስከረም 1 ቢጀምር ጥር መጨረሻ ገደማ መሆኑ ነው። ቦምቡ ያንን ሁሉ የለቀቀው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው።