የቅጣት ቃል ጥያቄ ሲሆን፦ የብሪጅ «ደብል» እና የአጋር መልስ

እ.ኤ.አ. በ1912 እና በ1913 አካባቢ ሁለት አሜሪካውያን ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ። አንዱ የሴንት ሉዊሱ ብራያንት ማክካምቤል፣ ሌላው የኒው ዮርኩ ሜጀር ቻርልስ ፓተን ነበሩ። በብሪጅ ጨረታ ላይ ተቃራኒን ለመቅጣት የሚነገረው «ደብል» አጋርን ለመጠየቅም ሊያገለግል እንደሚችል አዩ። ጥያቄው በአንድ ቃል አለቀ፤ ለጥያቄው የሚመጥን መልስ ማበጀት ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጀ።

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በ52 ካርታ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል። ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ጨረታ ይካሄዳል፦ «ሦስት ኸርት» ያለ ሰው ኸርትን አዛዥ ምድብ አድርጎ ከ13ቱ ዙር 9ኙን ለመውሰድ ቃል ገባ ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ዙሮች አይቆጠሩም። አጋሮች ካርታቸውን አይተያዩም። የሚግባቡት ሁሉም በሚሰማቸው በጣት የሚቆጠሩ የጨረታ ቃላት ብቻ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በተስፋፋው ኦክሽን ብሪጅ ደብል ማለት «ቃልህን አትፈጽምም፤ ሒሳቡ ይደረብ» ማለት ነበር። ነገር ግን ተቃራኒ «አንድ ስፔድ» ብሎ ሲከፍት፣ በዚያ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ለመቅጣት የሚያበቃ እጅ እምብዛም አይገኝም። ቃሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ማክካምቤልና ፓተን አዲስ ሥራ ሰጡት፦ «ጥሩ እጅ ይዣለሁ፣ በእነርሱ ምድብ አጭር ነኝ፣ ከቀሩት ሦስት ምድቦች የሚሻልህን ምረጥ።»

በዚህም መላሹ፣ ማለትም ደብል ያለው ሰው አጋር፣ ከባድ ግዴታ ወደቀበት። እጁ ባዶ ቢሆንም እንኳ መናገር አለበት። «ምንም የለኝም» ብሎ ዝም ካለ ተቃራኒዎቹ በደብሉ ውስጥ ይጫወታሉ፣ ምናልባትም ቃላቸውን ይፈጽማሉ። በዛሬው አቆጣጠር ተራ ሦስት ኸርት 90 ነጥብ ነው፤ ደብል ሲሆን 180 ይሆናል፤ ጌም ወደሚባለው ትልቅ ሽልማት ለመግባት የሚያስፈልገው ደግሞ 100 ብቻ ነው። ደካማው እጅ ዝም በማለቱ ለተቃራኒ ጌም ይሸልማል ማለት ነው።

ነገሩን ይበልጥ ያከበደው የሃሮልድ ቫንደርቢልት ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ከሎስ አንጀለስ ተነሥታ በፓናማ ቦይ በኩል ወደ ሃቫና በምትጓዘው ፊንላንድ መርከብ ላይ፣ ቫንደርቢልት ከጓደኞቹ ጋር አዲስ የነጥብ አቆጣጠር ሞከረ። ኮንትራክት ብሪጅ ያኔ ተወለደ። በኦክሽን ብሪጅ ከቃል በላይ የተወሰዱ ዙሮች ወደ ጌም ይቆጠሩ ስለነበር ዝቅ ብሎ መጫረት አይጎዳም ነበር። በኮንትራክት ግን ለጌም የሚታሰበው በጨረታው የተጠራው ብቻ ነው። ስለዚህ አጋሮች ተነጋግረው ትክክለኛው ደረጃ ላይ መድረስ አለባቸው፤ ለመነጋገር ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል።

ያንን ቦታ የሚነጥቀው ፕሪኤምፕት ነው። ሰባት ካርታ ያህል በአንድ ምድብ የያዘ፣ በሌላው ግን ደካማ የሆነ ተጫዋች ጨረታውን በቀጥታ በ«ሦስት ስፔድ» ይከፍታል። የሚጠፋውን ነጥብ አስቀድሞ አስልቷል። በ1930ዎቹ የብሪጅ ታላቅ አስተማሪ የነበረው ኢላይ ከልበርትሰን ያስፋፋው ሕግ፣ ከፋቹ ጌም የገባ ከሆነ እስከ 2፣ ካልገባ እስከ 3 ዙር መጉደልን ይፈቅድለታል። በዛሬው አቆጣጠር ሁለቱም በደብል 500 ነጥብ ያስከፍላሉ፤ ተቃራኒ ጌም ከሚያገኘው ጋር ሲነጻጸር የሚቻል ዋጋ ነው።

ታዲያ በእንዲህ ዓይነት መክፈቻ ላይ ደብል ቅጣት ነው ወይስ ጥያቄ? ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ አልተስማሙም። የኒው ዮርኩ ሃሪ ፊሽባይን ደብልን ለቅጣት አስቀረና ለጥያቄ ከመክፈቻው ቀጥሎ ያለውን ምድብ መረጠ፦ በ«ሦስት ኸርት» ላይ «ሦስት ስፔድ» ማለት ጥያቄ ሆነ። በእንግሊዝ ደግሞ አንዳንዶቹ ከክለብና ከዳይመንድ ዝቅ ብሎ የሚጠራውን፣ ሌሎቹ «ሦስት ኖ ትራምፕ»ን (አዛዥ ምድብ የሌለበትን ጥሪ) ለጥያቄ አዋሉት። ሁሉም የሚያስከፍሉት ዋጋ ነበራቸው። በፊሽባይን ዘዴ እውነተኛ ስፔድ የያዘ ሰው ስፔዱን መጥራት አይችልም፤ በመጨረሻው ደግሞ ኖ ትራምፕ ለመጫወት የሚፈልግ መንገዱ ይዘጋበታል። ደብል ግን ምንም ቦታ አይወስድም። በመጨረሻ አብዛኛው ዓለም ወደ ማክካምቤልና ፓተን ሐሳብ ተመለሰ።

የመላሹ ችግር ግን አልተፈታም። ሚልተን ወርክ ባስተዋወቀውና ቻርልስ ጎረን በ1940ዎቹ መጨረሻ ለሕዝብ ባዳረሰው የእጅ ጥንካሬ ቁጥር ኤስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነው፤ ድምሩ 40። ከፋቹ 7፣ ደብል ያለው 15 ከያዙ፣ 18 ነጥብ ለቀሩት ሁለት እጆች ይተርፋል። ስለዚህ ደብል የሚለው ሰው በጥንቃቄ ከግማሹ ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ አጋሩ 7 ያህል ነጥብ እንዳለው ቆጥሮ ይነሣል። መላሹ የሚመዝነው ከዚያ በላይ ያለውን ነው።

ተጫዋቹ ሆዋርድ ሼንከን የገፋበት ደካማ የሁለት መክፈቻ (ረጅም ምድብ ባለው ደካማ እጅ በሁለተኛው ደረጃ መክፈት) ሲስፋፋ ችግሩ ዕለታዊ ሆነ። «ሁለት ስፔድ» ተከፍቶ አጋር ደብል ሲል፣ 3 ነጥብ ያለውም 9 ነጥብ ያለውም መላሽ አንድ ዓይነት «ሦስት ዳይመንድ» ይል ነበር። አጋሩ ይቀጥል ወይስ ያቁም? ማወቂያ አልነበረውም።

መፍትሔው ከሌላ ቦታ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ ቦኤም «ብሪጅ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ ሌበንሶል የተባለውን ዘዴ አቀረበ። መነሻው ኖ ትራምፕ ተከፍቶ ተቃራኒ ጣልቃ ሲገባ ነበር፤ ፈጣሪው ነው የተባለው ኬኔት ሌበንሶልድ ግን የእኔ አይደለም አለ። ተጫዋቾች ዘዴውን ወደ ደብል መልስ አሻገሩት። አሁን ደካማው መላሽ መጀመሪያ «ሁለት ኖ ትራምፕ» ይላል፤ አጋሩ አብዛኛውን ጊዜ «ሦስት ክለብ» ይላል፤ ከዚያ መላሹ ያልፋል ወይም ምድቡን ጠርቶ ያቆማል። በቀጥታ «ሦስት ዳይመንድ» ያለው መላሽ ግን ከ8 እስከ 11 ነጥብ አለው። በ3ና በ9 ነጥብ መካከል የነበረው ጭጋግ ተገፈፈ።

በሦስተኛው ደረጃ ይህ ማምለጫ የለም። በ«ሦስት ስፔድ» ላይ ደብል ሲባል ምድብ መጥራት ሁሉ በአራተኛው ደረጃ ነው። ስለዚህ የተመጣጠነ እጅና በተቃራኒ ምድብ ጥቂት ጥንካሬ ያለው መላሽ አንዳንዴ አልፎ ደብሉን ወደ ጥንቱ ቅጣት ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ጌም ላልገባ ወገን በደብል 4 ዙር መጉደል ከ700 ወደ 800፣ 5 ዙር ደግሞ ከ900 ወደ 1100 ሲያድግ፣ ከባድ ውድቀትን የሚጠብቅ መላሽ ይበልጥ አተረፈ። ረጅም ምድብ የያዘው መላሽ ግን አሁንም «አራት ኸርት» ይላል፤ እጁ 4 ነጥብም 10 ነጥብም ሊሆን ይችላል። ደብል ያለው አጋር ደግሞ የመላሹን 7 ነጥብ አስቀድሞ ቆጥሮ ስለተነሣ፣ እጁ ከልክ ያለፈ ካልሆነ በስተቀር ከዚያ በላይ አይጫረትም።