አለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ

አለምዋጭ በአማራ ክልል፣ ሰሜን ጎንደር ዞን፣ ዳባት ወረዳ የሚገኝ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት 25,000 ያህል ሰው እንዲይዝ ታስቦ ነበር።

አመሠራረት

ጣቢያው የተቋቋመው በትግራይ ጦርነት ሳቢያ ነው። ሕፃጽና ሽመልባ የተባሉት ሁለት መጠለያዎች በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት ወደሙ፤ ነዋሪዎቻቸው ተበተኑ። ከፊሎቹ ማይ ፀብሪ አጠገብ ባሉት የማይ ዓይኒና የዓዲ ሐሩሽ መጠለያዎች ተጠጉ። በሐምሌ 2013 ውጊያው እዚያም ደረሰ። በታኅሣሥ 2014 ማይ ዓይኒ ከአየር ተደብድቦ ሁለት ሕፃናትን ጨምሮ ሦስት ስደተኞች ሞቱ። ከማይ ፀብሪ ወደ ዳባት የሚያደርሰው መንገድ በአዲ አርቃይ፣ በሊማሊሞ ዳገትና በደባርቅ ያልፋል፤ በውጊያው ወቅት ተዘግቶ ስለነበር ስደተኞቹን ወደ አለምዋጭ ማዛወሩ ተቋርጦ ቆይቷል። ስለዚህ አለምዋጭ የደረሰው ሰው አብዛኛው አዲስ ስደተኛ ሳይሆን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ጊዜ የተፈናቀለ ነው።

ኑሮ

ዳባት 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ብርድ ለአስመራና ለአካባቢዋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ብርዱን በሸራ ሥር ማሳለፍ ነው። ከቆላማው ማይ ፀብሪ የመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለደጋ የሚሆን ልብስ አልያዘም። መጀመሪያ የተሰጠው መጠለያ በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ነበር። በክረምት ወለሉ ጭቃ ይሆናል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደግሞ የሌሊቱ ቁር ይከተላል። ማገዶ የዳባት ገበሬም ችግር ነው፤ ዛፉ በአብዛኛው በሰው ይዞታ ያለ ባሕር ዛፍ ስለሆነ፣ ለቀማው ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ማጋጨቱ አይቀርም።

በሰኔ 2015 በመላ አገሪቱ የስደተኞች የምግብ ዕርዳታ ከስርቆት ጋር በተያያዘ ታገደ፤ የተመለሰው በ2016 መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ወራት ውጭ አገር ዘመድ ያለው በሚላክለት ገንዘብ፣ የሌለው በቀን ሥራና በብድር ከረመ።

ትምህርትና ጤና

አገልግሎቱ በከፊል ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የጋራ ነው።

ወደ ሌላ አገር የመሄድ ምክንያቶች

ኤርትራን ለመልቀቅ ዋናው ምክንያት በሕጉ 18 ወር የነበረውና ከኢትዮጵያ ጋር ከተደረገው የድንበር ጦርነት ወዲህ ማብቂያ ያጣው ብሔራዊ አገልግሎት ነው። ከኢትዮጵያ ለመውጣት የሚሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ብዙ ጽሑፎች ድህነትን ያስቀድማሉ፤ ሆኖም ከዚያ ይልቅ ወረቀትና ደኅንነት የሚመዝኑ ይመስላል።

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራት፣ የመዘዋወርና የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት ይሰጣል። ነገር ግን እነዚህ መብቶች ሁሉ የሚጀምሩት ከስደተኛነት መታወቂያው ነው። ቀድሞ ኤርትራዊ መሆን ብቻ ለዕውቅና ይበቃ ነበር፤ ከጥር 2012 ወዲህ እያንዳንዱ ሰው በተናጠል ይጣራል። በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው አሠራር ዋስ የሚሆን ዘመድ ያለው ከመጠለያ ውጭ እንዲኖር ይፈቅድ ነበር። ያልተመዘገበው ግን በተግባር ጥገኝነት ጠያቂ ሆኖ እንኳ አይታይም። አዲስ አበባ ውስጥ ታስረው ወደ ኤርትራ የተመለሱ እንዳሉ የመብት ድርጅቶች ዘግበዋል።

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ ደግሞ ጣቢያውን ከበበው። በዙሪያው ግድያ፣ ዝርፊያና ለገንዘብ ሲባል የሚፈጸም እገታ ተዘግቧል። ዳባት ወይም ጎንደር ወርዶ ሥራ መፈለግ ራሱ አደጋ ሆነ።

የመውጫ መንገዶች

የቆየው መንገድ በመተማ፣ በገዳሪፍና በካርቱም ወደ ሊቢያ ነበር። ደላላው ክፍያውን ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው በሐዋላ፣ ከተጓዡ ዘመድ ነው፤ ሊቢያ ውስጥ በተለይ ባኒ ዋሊድ ስደተኛ ታግቶ ማስለቀቂያ የሚጠየቅበት ስፍራ በመሆን ይታወቃል። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ይህ መንገድ ተሰናከለ፤ የተወሰነው ፍልሰት ወደ ኬንያና ኡጋንዳ ዞረ። ሕጋዊው መውጫ፣ ማለትም በሦስተኛ አገር መስፈርና ከቤተሰብ ጋር መቀላቀል፣ ምንጊዜም ጠባብ ነው። አሜሪካ በጥር 2017 የስደተኞች ቅበላዋን ስታቆም ይበልጥ ጠበበ።

የሱዳን ስደተኞች

በሱዳኑ ጦርነት ሳቢያ በመተማ ዮሐንስ የገቡት በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ ሰፍረው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥቃትና ዝርፊያ ሲበዛባቸው ከ1,000 በላይ የሚሆኑት የአውላላን መጠለያ ለቀው መንገድ ዳር ሰፈሩ፤ በኋላ አፍጢጥ የተባለ አዲስ ጣቢያ ተከፈተ።