ከጉልቻ እስከ ጋን፦ የደብረ ኤልያስ ጓዳ ዕቃዎች

ትዳር የያዘ ሰው “ሦስት ጉልቻ መሠረተ” ይባላል። አባባሉ ከምድጃው የተወሰደ ነው፤ ድስቱን የሚሸከሙት ሦስቱ ጉልቻዎች ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኘው ደብረ ኤልያስ ጓዳ ለጓዳ ስዞር ያየኋቸውን ዕቃዎች ከነአገልግሎታቸው ላስተዋውቃችሁ።

ቀዳሚው ምጣድ ነው። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ ወዲያው አይጋገርበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሽበታል፤ ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ሞልቶ ገጹን ያለሰልሰዋል፣ ያጠቁረዋልም። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ አይለቅም። የኤሌክትሪኩም ምጣድ ቢሆን ገጹ ያው ሸክላ ነው፤ ማገዶውን የተካው ከሥሩ የሚግለው ሽቦ ነው። አክንባሎውን ብዙ ሰው ተራ ክዳን አድርጎ ያየዋል። እንጀራ ግን ስለማይገለበጥ የላይኛውን ገጽ የሚያበስለው በአክንባሎው የታፈነው እንፋሎት ነው። ሰፌዱ የበሰለውን ያወጣል፤ እህልም ይበጠርበታል።

ቡሃቃ ለሊጥ፣ ሙቀጫና ዘነዘና ለቅመም፣ ወንፊት ለዱቄት መሆናቸውን አንባቢ ያውቃልና አልፋቸዋለሁ።

የጠላው ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ጣዕም ከመስጠቱም ሌላ ጋኑ ውስጥ የቀሩትን ተሕዋስያን ይቀንሳል። እንስራን ቢጫው ጀሪካን ተክቶታል። ውሃ በሸክላ እንደሚቀዘቅዝ ባውቅም፣ የሴቶቹን ወገብ ላሳረፈው ጀሪካን አልከፋም። አገሩ የቅኔ አገር ነውና የቆሎ ተማሪውም ዕቃ አለው፤ አኮፋዳና ቅል፣ በቃ።

የሸክላ ድስት ቀስ ብሎ ይግላል፤ ከእሳት ወርዶም ሽሮውን ያንተከትካል። ሲገዛ በጣት ይንኳኳል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ አልተሰነጠቀም። ገበያተኛው ድስቷን እየወደደ ሸክላ ሠሪዋን “ቡዳ” ብሎ ማማቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን በየቤቱ የገባው አሉሚኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ አይሰበርም። ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጦ በእጅ የሚሠራው ግን ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያን ሳይጨምር ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን መርምሮ፣ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ለእርሳስ የሚያጋልጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኮምጣጣ ነገር ብረቱን ይበልጥ ያሟሟል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ ድስት ሊጥ አታቡኩ፣ የቲማቲም ስልስም አታሳድሩ። አቅም ከፈቀደ የማይዝግ ብረት፣ ካልሆነም የሸክላውን ድስት ተጠቀሙ።