የአማርኛና የሱዳን ዓረብኛ ሞክሼ ቃላት

የአማርኛና የሱዳን ዓረብኛ ሞክሼ ቃላት በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ወይም በጣም የተቀራረበ ድምፅ ኖሯቸው ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላት ናቸው። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በተለይም በአሶሳ ዞን፣ ገበያም ሆነ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያጋጥማሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ከበርታ ሕዝብ ብዙዎቹ ከራሳቸው ቋንቋ ሌላ ዓረብኛ ይናገራሉ።

ዓረብኛ በአካባቢው የተስፋፋው በእስልምናና «ጀላባ» በሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን የወረረው የግብፅ ጦርም ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዙግሊ ድረስ ዘልቋል። አማርኛ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ግዛት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ሥር ከገባ በኋላ በመጀመሪያ የአስተዳደር፣ ቆይቶም የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ።

አንዳንዱ መመሳሰል የአጋጣሚ ነው። በሱዳን ዓረብኛ «ሞያ» ውሃ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ሥራ፣ ጥበብ፣ ወይም የወጥ አሠራር ችሎታ ነው። ስለዚህ «ፊ ሞያ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ውሃ መኖሩን ማወቅ ፈልጎ ሳለ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰሚ ስለ ሥራ የተጠየቀ ሊመስለው ይችላል።

ከሁሉም የተወሳሰበው የ«ቀልብ» እና የ«ከልብ» ጉዳይ ነው። ዓረብኛው «ቀልብ» የሰውነት ክፍል የሆነው ልብ ነው። አማርኛ ቃሉን ሲወስድ ትርጉሙን አጥብቦ ለትኩረትና ለሐሳብ አዋለው፤ «ቀልብህን ሰብስብ» የሚባለው ለተዘናጋ ሰው እንጂ ለልብ በሽተኛ አይደለም። «ከልብ» ደግሞ በአማርኛ «ከ» እና «ልብ» ተጣምረው የሚሰጡት፣ የቅንነት ምልክት የሆነ ቃል ሲሆን፣ በዓረብኛ ግን ውሻ ማለት ነው። ውሻ በግዕዝም «ከልብ» ነው። «ከልብ አመሰግናለሁ» የሚለው ምስጋና ለዓረብኛ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም። የሱዳን ተናጋሪዎች «ቀ»ን ብዙ ጊዜ «ገ» አድርገው ስለሚያነቡት፣ ልባቸውን የሚያማቸው ሰዎች «ገልብ» የሚል የሚመስል ድምፅ ያሰማሉ፤ አስታማሚው ቃሉን ቢያውቀውም እንኳ በዚህ አነባበብ ሊያመልጠው ይችላል።

ሌሎቹ የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። «ሱቅ» በዓረብኛ ገበያው በሙሉ፣ በአማርኛ አንዷ መደብር ናት። «ጀበና» በአማርኛ የሸክላ ዕቃው ብቻ ሲሆን፣ በሱዳን ዕቃውም በውስጡ ያለው ቡናም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

የአዲስ አበባ የአራዳ ቋንቋም ከዓረብኛ ተበድሯል። «ሾፈ» (አየ) «ሹፍ» ከሚለው ትእዛዝ የመጣ ሲሆን ትርጉሙን ብዙም አልለቀቀም። «ሼባ» በዓረብኛ ሽበት ነው፤ በአራዳ ግን ሽማግሌ፣ ያውም ትንሽ ቀልድ ያለበት ሽማግሌ ነው። ከእንግሊዝኛ የገባው «ሙድ» ደግሞ ከምንጩ በጣም ርቋል። በእንግሊዝኛ የመንፈስ ሁኔታን ሲያመለክት፣ በአራዳ «ሙድ መያዝ» በሰው ላይ ማፌዝ ነው።

በአሶሳ ዞን ስህተቱ ከቀልድ የሚያልፍበት ቃል «ሩጣና» ነው። በኢትዮጵያ በኩል ሩጣና የበርታ ቋንቋ መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። በሱዳን ዓረብኛ ግን ዓረብኛ ያልሆነ ማንኛውም የአገር ቋንቋ «ሩጣና» ይባላል፤ በአጠራሩም የመናቅ ቃና ሊኖርበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድንበር ተሻግረው ከመጡት ስደተኞች መካከል በርታዎች ብቻ ሳይሆኑ ኡዱኮችና ኢንገሳናዎችም ይገኛሉ። እንደ ጾሬ ባለ የስደተኞች ካምፕ «ሩጣና እናገራለሁ» ያለ ሰው ኡዱክኛ ወይም ኢንገሳንኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያው መዝጋቢ ቃሉን በአሶሳው ትርጉም ከወሰደው፣ ለዚያ ሰው የሚመደብለት አስተርጓሚ በርታ ተናጋሪ ይሆንና ሁለቱ ሳይግባቡ ይቀራሉ። ይህን ለማስቀረት «ምን ዓይነት ሩጣና?» ብሎ መጠየቅ፣ ወይም የትውልድ መንደርን ስም አስከትሎ መመዝገብ ይጠቅማል።